«54 ናሙና» ሲባል ስንት ሰው ነው?

ሐኪሞች፣ የሞለኪውላር ባዮሎጂ ላቦራቶሪ፣ ባዮሜዲካል ኢንጂነሮችና አንድ የስታቲስቲክስ ባለሙያ ያሉበት የዩኒቨርሲቲ የምርምር ቡድን ነበር። ጥናቱ በሕሙማንና በጤነኞች ፕላዝማ (የደም ፈሳሽ ክፍል) ውስጥ ያለውን የአንድ ማይክሮ አርኤንኤ (የጂኖችን ሥራ የሚቆጣጠር ትንሽ ሞለኪውል) መጠን ያነጻጽራል። ፕሮፖዛሉ «54 ናሙና» ይላል፤ ሁሉም አንብቦ ፈርሟል። በስምንተኛው ወር ውጤቱ ለትንተና ሲቀርብ የስታቲስቲክስ ባለሙያው ሠንጠረዡን ከፍቶ «የቀሩት ሰዎች የት አሉ?» አለ። የተመዘገቡት 18 ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ 9 ሕሙማን፣ 9 ጤነኞች፣ ከእያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ቱቦ።

የዋሸም የሰነፈም አልነበረም። ለላቦራቶሪ ሰው ናሙና ማለት አንድ ቱቦ ነው፤ ለስታቲስቲክስ ባለሙያው ግን አንድ ሰው። በሁለቱ ወገኖች መካከል የ0.8 ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (ልኬቶች ከአማካያቸው የሚራራቁበት መጠን) ልዩነት ቢኖር በ80 በመቶ ዕድል ለማግኘት በየወገኑ 26 ሰው ያስፈልጋል፤ የስታቲስቲክስ ባለሙያውም አንድ ጨምሮ 27 ብሎ ነበር። በ9 ሰው ዕድሉ ከ40 በመቶ በታች ይወርዳል። ከአንድ ክንድ በአንድ ጊዜ የተቀዱ ሦስት ቱቦዎች እጅግ ስለሚመሳሰሉ ክፍተቱን አይሞሉም። ዝምድናቸው (1 ማለት ፍጹም መመሳሰል ነው) 0.9 ቢሆን የአንዱ ወገን 27 ቱቦዎች የሚመዝኑት 10 ሰው ያህል ብቻ ነው። እንደ 27 ሰው ቆጥሮ ማስላት የሌለን ልዩነት እንዳለ አድርጎ ለማሳተም ያጋልጣል፤ በሕክምና ምርምር ይህ ቀላል ጥፋት አይደለም።

ሲፈተሽ ሌላም ወጣ። ፕሮቶኮሉ «የደም ቱቦ» ብቻ ስለሚል፣ ከ54ቱ 12ቱ የተቀዱት ሄፓሪን (ደም እንዳይረጋ የሚከለክል ንጥረ ነገር) ባለበት ባለ አረንጓዴ ክዳን ቱቦ ነበር። ሄፓሪን ከአርኤንኤው ጋር አብሮ እየወጣ አርኤንኤውን አባዝቶ የሚለካውን የፒሲአር ዘዴ ኢንዛይሞች ያግዳል፤ መሆን የነበረበት ኢዲቲኤ የተባለ ሌላ የደም መርጋት መከላከያ ያለበት ባለ ሐምራዊ ክዳኑ ነው። ሄፓሪኔዝ በተባለ ኢንዛይም ማከም ይቻላል፤ ከፊሉን አክሞ ከፊሉን መተው ግን ራሱ ልዩነት ይፈጥራል።

ደሙን አሽከርክሮ ፕላዝማውን ለሚለየው ሴንትሪፊውጅ «በ3000 ዙር (በደቂቃ) ለ10 ደቂቃ» የሚለው መመሪያም እንዲሁ አሻሚ ነው። የሮተሩ (የሚሽከረከረው ክፍል) ሬዲየስ 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ኃይሉ ወደ 1,000 ጂ (የምድር ስበት 1,000 እጥፍ)፣ 17 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ወደ 1,700 ጂ ይሆናል። ደሙ በደንብ ካልተለየ ፕሌትሌቶች (ደም እንዲረጋ የሚያግዙ ጥቃቅን ሕዋሳት) ፕላዝማው ውስጥ ይቀራሉ፤ ሲቀዘቅዝና ሲቀልጥ ደግሞ ፈንድተው የራሳቸውን ማይክሮ አርኤንኤ ይለቃሉ። ስለዚህ የሚጻፈው ጂ እንጂ ዙር አይደለም። «ኮንትሮል» የሚለው ቃልማ ለሐኪሙ ጤነኛ ሰው፣ ለላቦራቶሪው በአርኤንኤ ፋንታ ውሃ የገባበት ቱቦ፣ ለኢንጂነሩ የመሣሪያ መቆጣጠሪያ ነው።

እንዲህ ያለ ቡድን ሲዋቀር የመጀመሪያው ስብሰባ በጀት መከፋፈያ ባይሆን ይሻላል። የአንድን ቱቦ ጉዞ ከደም ሥር እስከ መጨረሻው ሠንጠረዥ ሰሌዳ ላይ ይሳሉ፦ ማን ይቀዳል፣ በየትኛው ቱቦ፣ በስንት ደቂቃ ውስጥ ይለያል፣ በ80 ዲግሪ ከዜሮ በታች ማን ያስቀምጣል፣ የሠንጠረዡ አንድ ረድፍ ሰው ነው ወይስ ቱቦ? የመጨረሻዋን ጥያቄ ብቻ እንኳ ቢጠይቁ ኖሮ ስምንት ወር ባልባከነ። የስታቲስቲክስ ባለሙያው ያን ቀን ክፍሉ ውስጥ ይኑር፤ ሥራውም በጀት ይያዝለት። የጸሐፊነት ቅደም ተከተልና የመረጃ ባለቤትነት በአንድ ገጽ ይፈረም። ከዚያ ዋናው ቅበላ ሳይጀመር ሦስት ሰው ብቻ ሙሉውን መንገድ ይለፍ። ሦስት ሰው ምንም አያረጋግጥም፣ የተሳሳተን ቱቦ ግን በአንድ ሳምንት ያጋልጣል።

ያ ቡድን የሄፓሪኑን አራት ሰዎች አስወጣ፤ ከቀሩት 14 ሰዎች የሦስት ሦስት ቱቦውን ውጤት አማካይ ወስዶ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ቁጥር ያዘ። 38 ሰው ለመጨመርም ለሥነ ምግባር ኮሚቴው የማሻሻያ ጥያቄ አቀረበ፤ በዚህኛው ሰነድ ላይ የሰውና የቱቦ ብዛት ለየብቻ ተጻፈ። አዲሶቹ ናሙናዎች በሌላ ወቅት ስለሚለኩ፣ በእያንዳንዱ ፕሌት (ብዙ ናሙና በአንድ ጊዜ የሚለካበት ሳህን) ላይ ሕሙማንና ጤነኞች ተደባልቀው፣ ከቀድሞዎቹም ጥቂቱ አብረው እንዲለኩ ተደረገ።