ማዕዘኑ ላይ ቅጠሏ ተሰበረች

እህቴን ለትራስ ልብስሽ ዙሪያውን በማሽን ጥልፍ እሰራልሻለሁ ካልኳት ሶስት ሳምንት አለፈ። ምን አለበት፣ ኮምፒውተር ላይ አንዲት ቅጠል እስላለሁ፣ ኮፒ ፔስት እያደረግኩ አዞራታለሁ፣ በአንድ ማታ ያልቃል ብዬ ነበር። ማታው አለቀ፣ ጥልፉ ግን አልተጀመረም።

ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ቦርደር፣ የጠርዝ ጌጥ ማለት ነው፣ እኮ ሞልቷል፣ መርጦ ክሊክ ማድረግ ብቻ ነው፣ እኔ ግን የራሴ ካልሆነ ብዬ ግግም አልኩ። የምሰራው በኢንክስቲች ነው፣ ኢንክስኬፕ በሚባለው የስዕል ፕሮግራም ላይ የሚጫን ነፃ ኤክስቴንሽን፣ ስዕሉን ለጥልፍ ማሽን ወደ ስፌት ይቀይራል። ኢንክስኬፕ ራሱ ደግሞ ፓተርን አሎንግ ፓዝ የሚባል ነገር አለው፣ አንድ ስዕል ይቀበልና በተሰጠው መስመር ላይ እየደጋገመ ይደረድራል። ማሽኑ ላይ ጨርቁን ወጥሮ የሚይዘው ፍሬሜ 180 በ130 ሚሊሜትር ስለሆነ 160 በ110 የሆነ አራት ማዕዘን አሰመርኩ፣ 22 ሚሊሜትር የምትረዝም ቅጠል ስዬ ሪፒትድ (እየደጋገመ) የሚለውን ነካሁት፣ በሰከንድ ውስጥ ድርድር አለ። ጮቤ ረገጥኩ።

ዙም ሳደርግ ነው ጉዱ የመጣው። ማዕዘኑ ላይ ያረፈችው ቅጠል ልክ እንደታጠፈ ወረቀት ወገቧ ላይ ተሰብራለች። ዙሪያው 540 ነው፣ በ22 ስታካፍለው 24 ቅጠል ይገባና 12 ሚሊሜትር ይተርፋል፣ እዚያ መዝጊያው ጋ ጥርሱ እንደወለቀ ልጅ ክፍት ሆኖ ቀረ። ስትሬችድ (ተለጥጦ) የሚለውን ስነካው ክፍተቱ ጠፋ፣ ቅጠሎቹ በትንሽ በትንሹ ተለጥጠው ሞሉት፣ ማዕዘኑ ግን ያው ስብራት። ከዚያ በኋላ ቅጠሏን አሳንሼ አየሁ፣ አሳድጌ አየሁ፣ አንዱ ማዕዘን ሲስተካከል ሌላው ይሰበራል፣ እንዲህ ስል ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሆነ።

በነጋታው ሻይ ይዤ ቁጭ ብዬ ሳየው ሀሳቡ ከመነሻው የተገለበጠ ነበር። እኔ ከቅጠሏ ነው የጀመርኩት፣ መጀመር የነበረብኝ ከማዕዘኑ ነው። አራቱን ማዕዘኖች ለብቻ አወጣሁና ለእያንዳንዳቸው 20 በ20 ቦታ ሰጠኋቸው። ከ160 ላይ ሁለት ሃያ ሲቀነስ 120 ይቀራል፣ ከ110 ላይ ደግሞ 70። ለሁለቱም እኩል የሚገባ ርዝመት ስፈልግ ቆየሁ፣ 20 ብለው 70ው እምቢ አለ፣ 15 ብለው እምቢ አለ፣ 10 ይገባ ነበር ግን በ10 ሚሊሜትር ቅጠል አይሆንም፣ ቅንጣት ነው የሚሆነው። መጨረሻ ላይ ቁመቱን ከ110 ወደ 100 ቀነስኩትና ተገላገልኩ። 120 እና 60፣ በ20 ሚሊሜትር ቅጠል ስድስት እና ሶስት። ትራሱን የሚያየው ሰው 10 ሚሊሜትር ጎደለ አይልም፣ የተሰበረች ቅጠል ግን ከሩቅ ትታያለች።

ማዕዘኑ ላይ መጀመሪያ ያሰብኩት ሚረር ማድረግ ነበር፣ በ45 ዲግሪ መስመር ላይ ማገላበጥ ማለት ነው፣ ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው ብዬ። አንድ ነገር ረስቼ ነበር፣ የኔ ቅጠሎች አቅጣጫ አላቸው፣ ሁሉም ወደ ቀኝ ነው የሚሮጡት። ሚረር ሳደርጋቸው አንዱ ጎን ወደ ማዕዘኑ ይመጣል ሌላውም ወደ ማዕዘኑ ይመጣል፣ እዚያ ጋ ሊጣሉ እንደተቃረቡ ሁለት ዶሮዎች ይፋጠጣሉ። ከጎኑ መሃል ላይ ላገላብጣቸው ብል ደግሞ አጭሩ ጎን ሶስት ቅጠል ነው፣ መሃለኛዋን ለሁለት ልሰንጥቃት ነው? ስለዚህ ማዕዘኑ ላይ ቅጠል የሚባል ነገር ተውኩና አቅጣጫ የሌላት ክብ አበባ አስቀመጥኩ። ከየትም ብትመጣ ያቺው አበባ ነች። ይቺን ለማግኘት ሁለት ቀን መፍጀቴ አሁን ያስቀኛል።

ቅጠሎቹ የተንጠለጠሉበት ግንድ 2 ሚሊሜትር የሆነ ሳቲን ነው። እሱን መጀመሪያ ሳይቆራረጥ ዙሪያውን በአንዴ አስኬጄው ለሙከራ ሰፋሁት። ሳቲን ማለት መርፌው ግራና ቀኝ እየተመላለሰ ክሩን ጎን ለጎን የሚያስተኛበት ስፌት ነው፣ ቀጥ ባለ መስመር ላይ ግሩም ነው፣ 90 ዲግሪ ሲታጠፍ ግን በውጪ በኩል መርፌው ተራርቆ ይወጋል፣ በውስጥ በኩል ያንኑ አንድ ነጥብ ደጋግሞ ይወጋል። የመጀመሪያው ማዕዘን ላይ ጠጠር የመሰለ ጉብታ ወጣ። ሁለተኛው ላይ ማሽኗ ጠጠጠጠ የሚል ድምፅ አሰማችና ክሩ ተበጠሰ፣ ጨርቁን ገልብጬ ሳየው ከታች የሚመጣው የቦቢኑ ክር ተተራምሶ አንድ ላይ ተቋጥሯል። በመቀስ ለማላቀቅ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ፣ ጨርቁንም ቀደድኩት፣ ደግነቱ ብጣሽ ነው።

ሾርት ስቲች የሚባል ማስተካከያ አለ፣ በውስጥ በኩል አንዳንዱን ስፌት እያሳጠረ ጭንቅንቁን ይቀንሳል፣ ለዝግተኛ ኩርባ በጣም ጥሩ ነው። እኔ ግን አበባዋ ካለች ግንዱ ለምን ይታጠፋል አልኩ። አራት የተለያየ መስመር አደረግኩት፣ እያንዳንዱ አበባዋ ስር 2 ሚሊሜትር ገባ ብሎ ይቆማል፣ አበቦቹ መጨረሻ ላይ ይሰፉና ጫፉን ሁሉ ይሸፍኑታል። መታጠፍ የሚባል ነገር ቀረ። በ0.4 ሚሊሜትር ዴንሲቲ፣ ማለትም መርፌው ሄዶ በተመለሰ ቁጥር 0.4 ሚሊሜትር ሲራመድ፣ አራቱ መስመር አንድ ላይ 1,880 ስፌት ገደማ ነው፣ በደቂቃ 600 የሚሰፋ ማሽን ሶስት ደቂቃ ትንሽ አለፍ ቢል ነው።

ሁለተኛው ሙከራ ስክሪኑ ላይ የማይታይ ጣጣ አመጣ። ቅጠሎቹ ከግንዱ ላይ የተላቀቁ ይመስላሉ፣ በመሃል ፀጉር የምታህል የጨርቅ ነጭ መስመር ትታያለች። ክሩ ሲጠብቅ ጨርቁን ወደ ራሱ ይስበዋላ፣ ስለዚህ የተሰፋው ከተሳለው ይቀጥናል። ፑል ኮምፐንሴሽኑን፣ ለዚህ መሳብ ማካካሻ ስፌቱን ሰፋ የሚያደርገውን፣ 0.3 ሚሊሜትር አደረግኩት፣ አንደርሌይም፣ ከዋናው ስር ቀድሞ የሚሰፋ ስፌት፣ ጨመርኩ፣ ከሁሉም በላይ ግን የቅጠሏን ስር ራሱን ግንዱ ስር አስገባሁት፣ የሚነካኩ ነገሮችን ጫፍ ለጫፍ ማስቀመጥ ትቻለሁ፣ ይደራረቡ። ደግሞ የመጀመሪያውን ሙከራ ወፍራም ጨርቅ ላይ መስራቴ አታሎኛል፣ ወፍራም ጨርቅ ስህተትን ይሸፍናል። ሁለተኛውን የትራሱ ልብስ ራሱ ከተሰፋበት ጨርቅ በተረፈ ብጣሽ ላይ፣ ከስሩ ያንኑ ስታቢላይዘር፣ ጨርቁን ደግፎ የሚያረጋጋውን፣ አድርጌ ነው የሰፋሁት፣ ጣጣውም የታየው ለዚያ ነው።

ትናንት ማታ ዋናውን ሰፋሁት። ማሽኗ ፊት ቆሜ እያንዳንዱን አበባ ስትሸፍን እያየሁ ነበር፣ በመጨረሻዋ ላይ ትንፋሼን ይዣለሁ። ዛሬ ጠዋት እህቴ መጥታ በእጇ ዳሰሰችውና የቱ ጋ ነው የተጀመረው አለችኝ። አልነገርኳትም። በግራ በኩል ታችኛዋ አበባ ስር ጣት ሲያርፍባት ትንሽ ሸንተረር ትሰማለች፣ ክሩን ከበጠስኩ በኋላ ጫፉን አላሳጠርኩትም ነበርና እዚያች ላይ ከሌሎቹ ይወፍራል። የሁለተኛውን ትራስ ፋይል ከፍቼ እሷን ብቻ ላስተካክላት ነው።