የ1000 ያርዱ ነፋስ

ዛሬ ኮሎራዶ ውስጥ በ1000 ያርድ፣ ማለትም በ914 ሜትር ርቀት ላይ የቆመ የብረት ኢላማ ስንተኩስ ዋልን። እኔ በ1952 ለገበያ የቀረበውን .308 ዊንቸስተር የተባለ ጥይት የሚተኩስ ጠመንጃ ስይዝ፣ ወዳጄ በ2007 በጥይት አምራቹ ሆርናዲ የተዋወቀውን 6.5 ክሪድሞር የሚተኩስ ይዞ ነበር። ባለ 175 ግሬይን (11 ግራም ገደማ) አረሬ ከአፈሙዙ በሰከንድ 790 ሜትር ያህል እየበረረ ቢወጣም፣ ኢላማው ዘንድ ሲደርስ ፍጥነቱ ወደ ድምፅ ፍጥነት ስለሚጠጋ መዋለል ሊጀምር ይችላል፤ ባለ 140 ግሬይኑ (9 ግራም ገደማ) የእሱ አረር ግን ቀጭንና ረዥም በመሆኑ አየሩን በቀላሉ ይሰነጥቃል። በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ የጎን ነፋስ የእኔን ከሁለት ሜትር በላይ ሲገፋ፣ የእሱን የሚገፋው ሜትር ተኩል ገደማ ብቻ ነው።

ያበሳጨኝ ግን የራሴ ጥፋት ነበር። የምርት ቁጥራቸው የተለያየ፣ ማለትም በአንድ ዙር ያልተመረቱ ሁለት ፓኮ ጥይት ቀላቅዬ በመምጣቴ፣ የፍጥነት መለኪያው በሰከንድ 12 ሜትር ልዩነት ያሳየኝ ሲሆን፣ ይህች ትንሽ ልዩነት ኢላማው ላይ አረሩን ስንዝር ተኩል ያህል ወደ ታች ትጥለዋለች። (አባቴ ለምንሽሩ ጥይቱን አንድ በአንድ ሲመርጥ ለምን እንደነበር ዛሬ ገባኝ።)

ቢሆንም የ.308 ጠመንጃ በርሜል በተኩስ ብዛት ቶሎ ስለማያረጅ ለጊዜው አልቀይረውም፤ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ጥይቱን ሁሉ ከአንድ የምርት ቁጥር እገዛለሁ።