«የቀባኋቸውን አትዳስሱ» የተባለበት ጉባኤ

በአቃቂ ቃሊቲ ዳርቻ በሚገኝ አንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ ውስጥ፣ የሠራተኛ ማኅበራችን ሊቀ መንበር ሁለተኛ የሥራ ዘመናቸውን ሊያጠናቅቁ በተቃረቡበት ወቅት፣ ለሦስተኛ ጊዜ መመረጥን የሚከለክለው የመተዳደሪያ ደንብ አንቀጽ ይሻሻል የሚል ጥያቄ ቀረበ። ጥያቄውን ያነሡት በምሳ ሰዓት አብረዋቸው የሚጸልዩ ወንጌላውያን አማኞች ናቸው፤ እኔም ከዚያው የጸሎት ኅብረት ነኝ። ክርክሩ በደንቡ ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ የተለመደ ጉዳይ ነበር። ነገር ግን የብየዳ ክፍል ባልደረባችን የማኅበሩ የቁጠባ ሒሳብ በኦዲተር ይታይ ባለ ጊዜ፣ «የቀባኋቸውን አትዳስሱ ተብሎ ተጽፏል» የሚል መልስ ተሰጠውና ጉባኤው ዝም አለ።

በደርግ ዘመን ጸሎት ቤታቸው ተዘግቶ በየሰው ቤት ተደብቀው ያመልኩ የነበሩት የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ጋሽ ታደሰ ተነሥተው መዝሙረ ዳዊትን ገለጡ። ከዚያ ጥቅስ ቀድሞ ያለውን «ስለ እነርሱም ነገሥታትን ገሠጸ» የሚለውን አነበቡና እንዲህ አሉ፦ «ልጆቼ፣ ይህ ቃል መጻተኞቹን አባቶች፣ እነ አብርሃምን፣ ከነገሥታት ይጠብቃል እንጂ ነገሥታትን ከጥያቄ አይሸሽግም። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ታፍነው የተገደሉት፣ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት አጫፋሪ እንድትሆን ስላልፈቀዱ ነው።»

እኔም ዕድል ተሰጥቶኝ ስለ ዛምቢያ ተናገርሁ። ፍሬድሪክ ቺሉባ ራሳቸው የሠራተኛ ማኅበራት መሪ ነበሩ፤ በምርጫ አሸንፈው ሥልጣን እንደ ያዙ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1991 አገራቸውን ክርስቲያናዊ አገር ብለው አወጁ፤ ብዙ ወንጌላውያንም እልል አሉ። በ1996 ግን ይህንኑ አዋጅ በመግቢያው ያሰፈረው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ፣ የፕሬዚዳንት ዕጩ ወላጆች ሁለቱም በትውልድ ዛምቢያዊ ይሁኑ በማለት የቀድሞውን ፕሬዚዳንት ኬኔት ካውንዳን ከውድድር አስወጣ። ቺሉባ በ2001 ሦስተኛ የሥልጣን ዘመን ሲፈልጉ፣ የዛምቢያ ወንጌላውያን ኅብረት ከካቶሊክ ጳጳሳት፣ ከሌሎች አብያተ ክርስቲያናት፣ ከሕግ ባለሙያዎችና ከሴቶች ድርጅቶች ጋር ቆሞ ተቃወመ፤ ቺሉባም ፍላጎታቸውን ተዉ። ያው እምነት ለገዢው መሰላልም ልጓምም ሆኖ ታይቷል ማለት ነው፤ ልዩነቱን የፈጠረው፣ በእኔ ግምት፣ አማኞቹ «ወንድማችን ነው» ከማለት አልፈው «ሕጉ ምን ይላል?» ብለው መጠየቃቸው ነው።

ማሻሻያው በምስጢር ድምፅ ተሰጥቶበት ወደቀ። ሊቀ መንበሩ ማኅተሙንና መዛግብቱን በሥርዓት አስረከቡ፤ ኦዲቱም ተጀመረ። ከጸሎት ኅብረታችን ጥቂቶች ጋሽ ታደሰን እስከ ዛሬ ሰላም አይሏቸውም፤ እርሳቸው ግን ሒሳቡ በየዓመቱ በኦዲተር እንዲመረመር የሚያስገድድ አንቀጽ ለቀጣዩ ጉባኤ እያረቀቁ ነው።