በሽታው ያለው እጅሽ ላይ ነው

ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ የላክሁለትን ፎቶ አይቶ ደወለልኝ። ፎቶው በረንዳዬ ላይ በሌሊት የፈካ፣ ድራጎን ፍሩት የሚባል ቁልቋል መሳይ የፍሬ ተክል አበባ ነው፤ ነጭ፣ ሰፊ፣ ርዝመቱ ከክርኔ እስከ አንጓዬ የሚደርስ። "እትዬ፣ እዚያማ ቁልቋሉም እንዲህ ያብባል ማለት ነው?" አለኝ። ቀጠል አድርጎም፣ "ባልዲ ውስጥ ሰክተሽ ትተሽው ነው አይደል? እዚያ ምን የማይበቅል ነገር አለ!" አለ። ሳቅሁለት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ፎቶው ውሸት አይደለም፤ ነገር ግን ወደ ሦስት ዓመት ከሚጠጋ ታሪክ ውስጥ የላክሁለት አንዲት ሌሊትን ብቻ ነበር። ስለዚህ ቀሪውን ልጻፈው። እሱም ያንብበው፣ እንደ እሱ ሻንጣውን ለማሰር የተዘጋጀ ሁሉ ያንብበው።

የተማርኩት የዕፅዋት ሳይንስ ነው። አገር ቤት ስድስት ዓመት በግብርና ባለሙያነት ሠርቻለሁ፤ ገበሬ ፊት ቆሜ ስለ ዘር፣ ስለ አፈርና ስለ ውኃ ሳስረዳ ኖሬያለሁ። እዚህ የምሠራው ሌሊት ሌሊት በአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነው። አልጋ አነጥፋለሁ፣ ሰውነት አጥባለሁ፣ መድኃኒት በሰዓቱ መወሰዱን አያለሁ። ሥራውን አልንቀውም፤ ከማጥባቸው ሽማግሌዎች መካከል እንደ ወላጅ የምወዳቸው አሉ። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ ስለ ተክል አንድም ሰው አንድም ጥያቄ ጠይቆኝ አያውቅም ነበር።

ከእኔ በታች ባለው ፎቅ የሚኖሩ ቬትናማዊ ሽማግሌ አሉ። በጠባቧ ግቢያቸው ውስጥ ትልልቅ ባልዲዎች ደርድረው ድራጎን ፍሩት ያሳድጋሉ። በሦስት ጠርዝ የተሠራ፣ ሥጋው ወፍራም የሆነ አረንጓዴ ግንድ ነው፤ ምሰሶ ላይ ተንጠላጥሎ ይወጣና ከላይ እንደ ጃንጥላ ይዘረጋል። ብርዱ ሊገባ ሲል ገርዘው ቁርጥራጩን ከቆሻሻ መጣያው አጠገብ ከመሩት። ሳየው እጄን በላኝ። ሦስት ቁራጭ መርጬ በፌስታል ይዤ ወደ ቤቴ ወጣሁ፤ በዚያው ምሽት ምርጥ ጥቁር አፈር በባልዲ ሞልቼ ተከልኳቸው፤ ውኃ ከሥር እስኪፈስ ድረስ አጠጣኋቸው።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ከታች ወደ ላይ ቡናማ ሆኑ። ስነካቸው እንደ በሰበሰ ሙዝ ይለሰልሳሉ፤ ሽታቸው ቤቱን ሞላው። ከክምሩ የቀሩትን ደግሞ አምጥቼ ተከልኩ። ደርቀው ይሆናል ብዬ ከበፊቱ አብልጬ አጠጣሁ። እነሱም በሰበሱ። ያኔ የባለሙያነት ፍርዴን ሰጠሁ፤ የሽማግሌው ተክል የፈንገስ በሽታ አለበት፣ ግንዱ ከእናቱ ጀምሮ የተበከለ ነው አልኩ። በዚህ ብቻ አላበቃሁም፤ ልነግራቸው ይገባል፣ ካልነገርኳቸው ሁሉም ባልዲዎች ያልቃሉ አልኩ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። ከስንት ዓመት በኋላ የማውቀው ነገር ለሰው ሊጠቅም ነው።

የበሰበሰውን ቁራጭ በፌስታል ይዤ በራቸውን አንኳኳሁ። ሽማግሌው የዚህን አገር ቋንቋ አይናገሩም፤ የምታስተረጉምላቸው ዘጠኝ ዓመት ገደማ የሚሆናት የልጅ ልጃቸው ናት። ልጅቷ በር ላይ ቆማ፣ እኔ ስለ ፈንገስ፣ ስለ መዛመት፣ የታመመውን ስለ ማቃጠል አስረዳሁ። አያትየው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ቁራጩን ተቀብለው አሸተቱት፤ በአውራ ጣታቸው ሲጫኑት ቡናማ ውኃ በእጃቸው ላይ ወረደ። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፤ ከተቆረጠ በስንተኛው ቀን ተከልሽው? "በዚያው ቀን" አልኩ። ራሳቸውን ነቅንቀው አጭር ነገር ተናገሩ። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝና፣ "አያቴ በሽታው ያለው እጅሽ ላይ ነው ይላል" አለችኝ።

እዚህ የምንግባባበት ቋንቋ አንቺንና እርስዎን አይለይም፤ ቃሉ የሚሸፍነው ነገር ሳይኖረው ነው የመጣው። በዚያ ላይ የነገረችኝ ሕፃን ናት። ሕፃን ደግሞ አታለዝብም፤ የሰማችውን እንዳለ ታወርዳለች። ስድስት ዓመት ሙሉ ለገበሬ ሳስተምር የኖርኩ ሰው፣ ከአንድ ሕፃን ልጅ ፊት የበሰበሰ ግንድ ይዤ ቆምኩ። ምን ብዬ እንደተመለስኩ አላስታውስም። የማስታውሰው በብርዱ ወራት በሙሉ በፊት ለፊቱ በር አለመውጣቴን ነው፤ ከሽማግሌው ጋር እንዳልገናኝ በጓሮ በር ነበር የምመላለሰው።

ያቃጠለኝ ትክክል መሆናቸው ነው። እኔ ይህን አውቀዋለሁ! ድራጎን ፍሩት የካክተስ ወገን ነው፤ ካክተስ ደግሞ የቅጠሉን ሥራ ለግንዱ ሰጥቶ፣ ቀን የግንዱን ቀዳዳዎች ዘግቶ ውኃውን ይቆጥባል፤ ሌሊት ቅዝቃዜ ሲመጣ ከፍቶ አየር ይስባል። ይህን ለፈተና ጽፌ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። ውኃውን በሰውነቱ ይዞ የሚኖር ተክል ሲቆረጥ ቁስሉ ክፍት ነው፤ ክፍት ቁስል ይዞ እርጥብ አፈር ውስጥ ከገባ ሻጋታውም ባክቴሪያውም በዚያው ይገባል። መድረቅ አለበት። ጥላ ባለበት፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ለሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ተቀምጦ ቁስሉ እንደ ቡሽ ቅርፊት ካበጀ በኋላ ነው አፈር የሚያየው። እውቀቱ በጭንቅላቴ ውስጥ ነበር፤ እጄ ግን ካክተስ ነክቶ አያውቅም። የአክስቴ ልጅ "ቁልቋል" ያለውን እኔም በልቤ ቁልቋል ብዬ ንቄው ነበር። ግን እኮ እኛ ቁልቋል የምንለው ወተት የሚያፈሰው ተክል የዚህ ዘመድ አይደለም። ያኛው ሲቆረጥ ዓይን የሚጎዳ ነጭ ወተት ይወጣዋል፤ ድራጎን ፍሩት ግን እውነተኛ ካክተስ ነው፤ ሲቆረጥ የሚወጣው ውኃማ ዝልግልግ ነገር ነው።

ብርዱ ሲያልፍ አንድ ቅዳሜ በሬ ተንኳኳ። ልጅቷ ናት፤ በጋዜጣ የተጠቀለለ ሦስት ቁራጭ ይዛ መጥታለች፤ እያንዳንዱ ክንድ ያህል ርዝመት አለው። በአንድ ጫፋቸው ላይ ቀይ ክር ታስሯል። "አያቴ ክሩ ያለበት ወደ ሰማይ ነው ይላል" አለችኝ። ግንዱ አናቱና እግሩ ተመሳሳይ ስለሚመስል ሰው ገልብጦ እንዳይተክለው ነው። የታችኛውን ጫፍ እንደ እርሳስ ቀርጸው መካከሉ ላይ ያለውን ጠንካራ እንጨት ብቅ አድርገውታል፤ ሥር በብዛት የሚወጣው ከዚያ ዙሪያ ነው። አሥር ቀን መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኳቸው። በየቀኑ ከሥራ ስመለስ አያቸዋለሁ፤ እጄ አፈር አፈር ይለኛል፤ እታገሣለሁ። ቁስሉ ግራጫ ሆኖ ሲጠነክር አሸዋና ጠጠር በበዛበት አፈር ተከልኩ፤ ውኃውንም ለጉሮሮ ያህል ብቻ ሰጠሁ። ከአንድ ወር በኋላ አንዱን ቀስ ብዬ ወደ ላይ ብስበው እምቢ አለኝ። ይዞልኛል! ብቻዬን ጮህኩ።

ሌላውን ሥራ አላበዛባችሁም። 50 ሊትር የሚይዝ ከሥሩ የተበሳ ባልዲ፣ የሰው ደረት የሚደርስ ምሰሶ፣ አንድ ግንድ ብቻ ወደ ላይ፣ የጎኑን ቡቃያ ሁሉ መቁረጥ። ጫፍ ሲደርስ አናቱን ቆርጦ ቅርንጫፎቹ ወደ ታች እንዲንጠለጠሉ መተው፤ አበባ በብዛት የሚወጣው ከተንጠለጠሉት ላይ ነው። ውርጭ ይገድለዋልና ብርድ ሲመጣ ባልዲውን ከነምሰሶው እየጎተትኩ ወደ ሳሎን አስገባለሁ። ሁለት የብርድ ወራት ሶፋዬን ለካክተስ ለቅቄ ኖሬያለሁ።

ከሽማግሌው ጋር በልጅቷ አፍ መነጋገር ጀመርን። ያደጉት ቢን ቱዋን በሚባለው የቬትናም የባሕር ዳርቻ አካባቢ ነው፤ በድራጎን ፍሩት የታወቀ ነው። አበባው የሚመጣው ቀኑ ሲረዝም ስለሆነ፣ ቀኑ በሚያጥርባቸው ወራት ገበሬዎቹ በየረድፉ አምፖል ሰቅለው ሌሊቱን ያበራሉ፤ ተክሉ ቀኑ የረዘመ መስሎት ያብባል። ስለዚህ የቬትናም ተክል ነው ብዬ ነበር። "አይደለም" አሉኝ፤ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ ነው፤ ወደ አገራቸው ያስገቡት ፈረንሳዮች ናቸው፤ ጊዜውም 19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እኔ በመጽሐፍ የማውቀው ሃይሎሴሬየስ የሚለው ሳይንሳዊ ስሙ እንኳን እ.ኤ.አ. በ2017 ተቀይሮ ሴሌኒሴሬየስ ሆኗል። የያዝኩት ዲግሪ ስሙን እንኳን በትክክል አልነገረኝም ማለት ነው።

በሦስተኛው ሞቃት ወቅት እንቡጥ ወጣ። የመጀመሪያው አበባ የፈካው ሥራ ላይ እያለሁ ነው። ከንጋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ስመለስ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥሎ አገኘሁት። አበባው የሚኖረው አንድ ሌሊት ብቻ ነው፤ ፀሐይ ስትወጣ አለቀ። በሳምንቱ ቢጫ ሆኖ ወደቀ። በዚህ ጊዜ ግን በጓሮ በር አልሸሸሁም፤ ቀጥ ብዬ ወርጄ ጠየቅሁ። የእኔ የፍሬው ሥጋ ቀይ የሆነው ዓይነት ነው፤ የዚህ ዓይነቱ ብዙውን ጊዜ የራሱን የወንዴ ዱቄት አይቀበልም። በተፈጥሮ ቦታው የሌሊት ወፍና ትልልቅ የእሳት እራቶች ከሌላ ተክል ያመጡለታል፤ በእኔ በረንዳ ላይ ማን ያመጣለታል? ሽማግሌው ከተክሎቻቸው መካከል ነጭ ሥጋ ያለው ፍሬ የሚሰጠው ባበበ ጊዜ ዱቄቱን በትንሽ ብልቃጥ ሰብስበው ማቀዝቀዣ ውስጥ በረዶ ቤቱ ላይ አስቀምጠውልኝ ነበር።

ሁለተኛው እንቡጥ ሲያብጥ ለአለቃዬ የአንድ ሌሊት ፈቃድ ጠየቅሁ። "ለምን?" አለችኝ። "አበባ ስለሚፈካ" አልኳት። ወዲያው ፈቀደችልኝ፤ ፎቶ እንድልክላትም ለመነችኝ። የዚህ አገር ሰው ነገር ግራ ያጋባኛል። ዘመድ ሞቶብኝ ፈቃድ ስጠይቅ የዝምድናዬን ደረጃ የሚገልጽ ወረቀት አምጪ ተብዬ ነበር፤ ለአበባ ግን ወረቀት አላስፈለገኝም። የእኛም ነገር ያው ነው፤ የላክሁትን አበባ ያየ ዘመድ ሁሉ ደወለ፤ ሌሊቱን እንዴት እንደማድር የጠየቀኝ የለም።

በዚያች ምሽት ሦስታችን በረንዳ ላይ ተቀመጥን። ሲጨልም የአበባው ውጪያዊ ቅጠሎች አንድ በአንድ ወደ ኋላ ተለጠጡ፤ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ሙሉ በሙሉ ተከፈተ፤ ሽታው ለስላሳ ነው። ሽማግሌው ብልቃጡን ከፈቱ፤ ውስጡ ቢጫ ዱቄት አለ። ብሩሹን ግን ለእኔ ሰጡኝ። ከመካከል ረዝሞ የወጣውን፣ ጫፉ እንደ ኮከብ የተዘረጋውን የሴቴ ክፍል ዱቄቱን ቀባሁት። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ምንም አልተናገሩም፤ ብቻ አዩኝ።

በ34ኛው ቀን ፍሬውን ቆረጥነው፤ 380 ግራም ነበር። ከመቁረጡ በፊት ቅርፊቱ ሙሉ በሙሉ እስኪቀላ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ከተቆረጠ በኋላ አይበስልም። ጣዕሙ ለስላሳ ነው፤ ስኳር አይበዛበትም። ለሦስት ተካፈልነው። (ቀዩን ዓይነት የምትበሉ ሽንታችሁ ቢቀላ አትደንግጡ፤ ቀለሙ ነው። እኔ የነገረኝ ስላልነበረ ሐኪም ቤት ልሮጥ ነበር።)

አሁን ወደ አንተ ልመለስ፣ የአክስቴ ልጅ፤ ለመምጣት የምታስቡ ሁሉም ስሙ። የትምህርት ማስረጃችሁን አስተርጉማችሁ፣ አስመስክራችሁ ያዙ፤ ግን እሱ በር ይከፍትልኛል ብላችሁ አትቁጠሩ። ቋንቋውን እዚያው ሆናችሁ ጀምሩ፤ የእናንተን ነገር በሕፃን አፍ መስማት ከባድ ነው። ከሁሉ በላይ፣ እንደመጣችሁ የማታውቁትን ሁሉ ጠይቁ። በመጀመሪያው ወር ሞኝ ጥያቄ ማንንም አያስቀይምም፤ አዲስ ሰው ነው ይሏችኋል። በአራተኛው ዓመት ያንኑ ስትጠይቁ ግን ሰው ያፍርባችኋል፤ እናንተም ታፍራላችሁ፤ ስለዚህ ዝም ትላላችሁ፤ ዝም ብላችሁም ታበሰብሳላችሁ። እኛ አላውቅም ከማለት ስድስት ግንድ ማበስበስ የምንመርጥ ሰዎች ነን። እዚህ ያሉት ደግሞ ከጎረቤታቸው በር ሁለት እርምጃ ላይ ቆመው የጎረቤታቸውን ሙያ በኮምፒውተር የሚፈልጉ ናቸው። በዚህ ሕንፃ ውስጥ እስከዚያ ድረስ የሽማግሌውን በር ያንኳኳ አንድም ሰው እንዳልነበረ ልጅቷ ነግራኛለች።

ከወር በፊት ከአገር ቤት የመጣች ልጅ ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ ገብታለች። አበባውን አይታ ለእኔም ስጪኝ አለችኝ። ሁለት ቁራጭ ቆርጬ፣ አናታቸው ላይ ቀይ ክር አስሬ መደርደሪያዬ ላይ አስቀምጬላታለሁ። ትናንት ማታ ባልዲና አፈር ይዛ መጣች፤ ልትተክላቸው። መለስኳት። ገና አራተኛ ቀናቸው ነው።