ወፍራሟ ዶሮ የጎረቤት ናት

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሳችሁ! 55ቱን ቀን የጾማችሁ፣ በተለይ አክፍሎት የያዛችሁ፣ በርቱ። ደርሳችኋል።

ዛሬ ቀዳም ስዑር ነው። ዶሮ ገዝቼ መመለሴ ነው። ዋጋውን አልነግራችሁም፤ በዓላችሁን አላበላሽም። ግን አያቴ ትዝ አለችኝ።

እምዬ የኖረችው ደሴ ነው። እዚያ ሙስሊምና ክርስቲያን ግድግዳ ተጋርቶ ነው የሚኖረው። ሥጋ ግን እንደምታውቁት አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። ታዲያ በበዓል ቀን ጎረቤት እንዴት ይጠራል?

የእምዬ መላ ቀላል ነበር። በዋዜማው ዶሮዋን ከነነፍሷ፣ እግሯን በክር አስራ፣ ነጠላዋ ሥር ወሸቅ አድርጋ ትሄዳለች። ሽንኩርትና እንቁላልም ትጨምራለች። የጎረቤታችን ባል ቢስሚላህ ብለው ያርዳሉ፤ ጎረቤታችን በራሳቸው ድስት ይሠሩታል። በማግሥቱ ድስታቸውን ይዘው እኛ ቤት ከች ይላሉ። እንጀራው የጋራ፣ ወጡ ለየብቻ፣ ወሬው አንድ ላይ።

ይህ ወሎ ላይ ብርቅ አይደለም። የእምዬ ነገር የሚለየው ምርጫዋ ላይ ነው። ከገዛቻቸው ዶሮዎች ወፍራሟ የጎረቤት ናት። እናቴ «ኧረ እምዬ፣ ከሲታዋ ለእኛ ቀረች እኮ!» ስትላት፣ «እኛ የቤት ሰው ነን፤ ማን ይታዘበናል?» ትላለች። በቃ።

በኢድ ደግሞ ተራው የእነሱ ነው። ኢድ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ እየቀደመ ስለሚመጣ፣ አንዳንዴ ሁዳዴ ውስጥ ይገባል። ያኔ የሚላክልን ዶሮ እስከ ፋሲካ ጓሯችንን እየጫረች ትቆያለች። ለእምዬ ደግሞ ቅቤ ባልነካው ድስት ሽሮና ምስር ለብቻዋ ይሠራላታል።

ስለ እምነቷ ብዙ አታወራም። ስቅለት ዕለት ጉልበቷ እያመማት ትሰግዳለች፤ ማንንም ግን ለምን አልሰገድክም አትልም። ሰው ሲታማ ከሰማች ነው የማትችለው። «ሥጋ ጾሜ የሰው ሥጋ ልብላ እንዴ?» ብላ ወሬውን ታስቀይራለች። ለእኔ ከጾም ሁሉ ከባዱ ይሄኛው ነው።

ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ መጀመሪያ ተልባ ታጠጣናለች፣ ሆዳችን እንዲለሰልስ። ከዚያ ነው ዶሮው። ፈረሰኛው የአባወራው ነው ይባላል አይደል? እሷ ቤት ግን የሚደርሰው በዚያ ዓመት ሐዘን ለገባበት ወይም ሥራ ላጣ ሰው ነበር። ለምን እንደሆነ አትናገርም። ዝም ብላ ታወጣለታለች። አያቴ (አባወራው ማለቴ ነው) እግሩን እየጋጠ ዝም ይላል።

በአረብ አገር የሰው ልጅ እያሳደጋችሁ በዓሉን በስልክ የምታከብሩ እህቶቼ፣ ነገ ሥራ የምትገቡ፣ ዘንድሮ ሰው ያጣችሁ፣ ኑሮ የከበዳችሁ ሁሉ፦ ፈረሰኛው የእናንተ ነው።

በሉ፣ ሽንኩርቱ እንዳያርርብኝ። መልካም ፋሲካ!