ሜዳው ሁልጊዜ ከፊቱ የነበረ ሰው

ደብረ ማርቆስም ይሁን ቡሬ፣ ሰፈር ውስጥ ሁለት ድንጋይ ተተክሎ ኳስ ሲጀመር በር ላይ የሚቆመው ወይ ትንሹ ልጅ ነው፣ ወይ እግሩ አልታዘዝ ያለው። ለዚህ ይመስለኛል የቀድሞ በረኛ ዋና አሰልጣኝ ሆነ ሲባል «ኳስ በእጁ ሲይዝ ኖሮ ምኑን ያሠለጥናል?» የሚሉ የሚበዙት። ነቀፋው ቦታውን ስቷል። እ.ኤ.አ. በ1992 ሆን ተብሎ በእግር የተመለሰለትን ኳስ በእጁ እንዳይዝ ከተከለከለ ወዲህ በረኛ በእግሩም ተጫዋች ነው። እውነተኛው ጉድለቱ ሌላ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ የተጫወተው ሜዳው ከፊቱ ሆኖ ነው። ተጋጣሚ ከጀርባው ተለጥፎበት ኳስ ተቀብሎ አያውቅም።

ይዞት የሚመጣው ሀብት ግን ቀላል አይደለም። የግራው ተከላካይ ሁለት ሜትር ወደ ኋላ ቀርቶ የጨዋታ ውጪ መስመሩን ሲያበላሽ ከማንም ቀድሞ የሚያየው እሱ ነው። የማዕዘን ምት ሲመጣ ደግሞ ቤቱ ነው። አሥሩን ሰው እንዲህ ይደለድላል፦ አንድ ሰው ቅርቡ ቋሚ ላይ፣ አራት ሰው አምስት ሜትር ተኩሉ መስመር ላይ ቦታ ይዘው፣ ሦስት ሰው የተጋጣሚን ረጃጅሞች ይዘው፣ አንድ ሰው ሳጥኑ ጫፍ ላይ ለተመለሰች ኳስ፣ አንድ ሰው ከፊት ለመልሶ ማጥቃት። በረኛው ከመስመሩ አንድ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ፣ ሰውነቱን ወደ ሜዳው ከፍቶ ይቆማል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ሦስቱ ሰዎቻቸውን ሲያሳድዱ ከአራቱ ጋር ሲላተሙ ነው። ያን ጊዜ በረኛው መውጫ ያጣል። መድኃኒቱ ሦስቱ ሰዎቻቸውን ገና ከፍፁም ቅጣት ምቷ ነጥብ አካባቢ፣ 11 ሜትር ላይ፣ መንገድ ዘግተው ማዘግየታቸው ነው። በረኛ የነበረ ሰው ይህን ለማስረዳት ሰሌዳ አያስፈልገውም፤ በገዛ ወገኑ ተገፍቶ ያውቃል።

አማካዩ ላይ ሲደርስ ነው የሚቸገረው። ከመስመር ዳር ሆኖ «ዙር! ዙር!» ይላል፤ ልጁ ግን ሊዞር አይችልም፣ ጀርባው ላይ ሰው አለ። ከበር ላይ ሲታይ ክፍት የነበረው ቦታ ከመሃል ሜዳ ሲታይ ክፍት አይደለም። ይህን በወሬ አይማሩትም፣ በእግር እንጂ። ጫማ ሊሰቅል ሁለት ዓመት የቀረው በረኛ በሳምንት ሁለት ቀን ከአማካዮች ጋር ይግባ፦ 12 በ12 ሜትር ካሬ፣ አራት ሰው በአራቱ ጎን፣ ሁለት ነጣቂ መሃል፣ እሱም መሃል ሆኖ ለአራቱ አቀባይ። በሁለት ንክኪ ብቻ፤ ሦስት ደቂቃ ተጫውቶ አንድ ደቂቃ ማረፍ፣ አራት ዙር። ስህተቱ የታወቀ ነው፤ በረኛው ሳያውቀው ወደ ካሬው ጎን ይሸሻል፣ እዚያ ሁሉም ነገር እንደለመደው ፊቱ ላይ ነውና። ወደ መሃል መልሱት።

ጨዋታ ሲያይም ከግቡ ጀርባ መቆሙን ይተው። ከመሃል መስመሩ ትይዩ ከፍ ያለ ቦታ ይፈልግ፤ መቀመጫ የሌለው ሜዳ ከሆነ የጭነት መኪና ላይ መውጣትም ያዋጣል። ለ15 ደቂቃ ኳሱን ረስቶ አንድ አማካይ ብቻ ይከተል፣ ኳስ ከመቀበሉ በፊት ስንት ጊዜ ወደ ኋላው እንደቃኘ ይቁጠር።

የታላላቆቹ ታሪክ እዚሁ ጥያቄ ላይ ይመላለሳል። ጣልያናዊው በረኛ ዲኖ ዞፍ እ.ኤ.አ. በ1982 በ40 ዓመቱ አምበል ሆኖ የዓለም ዋንጫን አነሣ። በአሰልጣኝነት ጁቬንቱስን ይዞ በ1990 የዩኤፋ ዋንጫንና የጣልያን ዋንጫን ወሰደ። በዩሮ 2000 የሚያሠለጥነው የጣልያን ብሔራዊ ቡድን በግማሽ ፍጻሜ ከኔዘርላንድስ ጋር ከአንድ ሰዓት በላይ በ10 ሰው ተከላክሎ በመለያ ምት አለፈ፤ በረኛ ያሠለጠነው ቡድን መሆኑ ፊቱ ላይ ተጽፎ ነበር። በፍጻሜው ግን ፈረንሳይ በጭማሪው ደቂቃ አቻ ሆና በትሬዜጌ ወርቃማ ግብ፣ ማለትም በተጨማሪ ሰዓት ገብታ ጨዋታውን እዚያው በምትቋጭ ግብ፣ 2 ለ 1 አሸነፈች። የጣልያን ፖለቲከኛውና የሚላን ባለቤቱ ቤርሉስኮኒ የፈረንሳዩ አማካይ ዚዳን ያለ ተከታይ ተለቀቀ ብሎ በአደባባይ ሲተች ዞፍ ሥራውን ለቀቀ። የጣልያኑ አጥቂ ዴል ፒዬሮ ሁለት ግልጽ ዕድል ባያመክን ኖሮ ዚዳንን ማንም ባላነሣው ነበር፤ ቢሆንም ክርክሩ መሃል ላይ ኳስ የሚቀበል ሰው ላይ መውደቁ አይገርመኝም።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 በዩሮፓ ሊግ ሩብ ፍጻሜ ጀርመን፣ ዱይስበርግ ላይ ደግሞ ሁለት የቀድሞ በረኞች በአሰልጣኝነት ተገናኙ። የኑኖ ኤስፒሪቶ ሳንቶ የእንግሊዙ ዎልቭስ ወደ ኋላ ሰብሰብ ብሎ በመልሶ ማጥቃት የሚኖር ቡድን ነበር፤ የሁለን ሎፔቴጊ የስፔኑ ሴቪያ ኳሱን ይዞ የሚያደክም። የዎልቭሱ ሂሜኔዝ ፍፁም ቅጣት ምት ሳተ፣ የሴቪያው ኦካምፖስ በ88ኛው ደቂቃ በግንባሩ አስቆጠረ፣ ሴቪያ 1 ለ 0 አለፈ፤ ዋንጫውንም ወሰደ። እንግዲህ በረኛ ሁሉ ተከላካይ አሰልጣኝ ይሆናል ማለት አይቻልም። ሎፔቴጊ በባርሴሎና ሳለ ብዙም አልተሰለፈም፣ ግን የአሰልጣኙን የክራይፍን ልምምድ በየቀኑ ያይ ነበር። ኑኖም እ.ኤ.አ. በ2004 የፖርቶ የአውሮፓ ሻምፒዮን ቡድን ውስጥ የቪቶር ባይያ ተጠባባቂ ነበር። ከአሰልጣኝ ጎን ለዓመታት የሚቀመጥ እንደ ሁለተኛ በረኛ ማን አለ? ያን ወንበር ደብተር ይዞ የተቀመጠበት ያተርፋል።

ሌላው ወጥመድ ድካም ነው። ሜዳ ላይ ያለ ተጫዋች በአንድ ጨዋታ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል፣ በረኛ የዚህን ግማሽ ያህል። የበረኛ ልምምድ አሥር አሥራ አምስት ሰከንድ የሚፈጅ ዝላይና ውድቀት ስለሆነ፣ አዲሱ አሰልጣኝ ለሌሎቹም ዕረፍቱን ያሳጥርባቸዋል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ደብረ ማርቆስ ከ2,400 በላይ፤ አየሩ በሳሳ ቁጥር እግር ቶሎ ይከብዳል። 30 ሜትር ስድስት ጊዜ በሙሉ ፍጥነት ካስሮጠ በየመካከሉ ቢያንስ አንድ ደቂቃ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ደግሞ አንድ ተኩል ይስጥ። ካልሰጠ 70ኛው ደቂቃ ላይ የጭን ጀርባ ጡንቻውን ይዞ የሚቀመጥ ልጅ ያያል። ይኸው ሳሳ ያለ አየር ረጅም ኳስን ያርቃል፣ ጥምዝ ምትንም ያቀናል። ይህን በረኛው ከሁሉም በላይ ያውቃል፤ ከቆላ የመጣ ተጋጣሚ ተከላካይ በረጅም ምት የሚቀደመው ለዚህ ነው።

ስለ አሰልጣኝነት ፈቃድ ብዙ የሚባል የለም። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) የፈቃድ መሰላል ከዲ ይጀምራል፣ በሲ፣ በቢና በኤ አልፎ ፕሮ ይደርሳል፤ እየተጫወቱ መጀመር ይሻላል።

የመጨረሻው ፈተና የራሱ ቡድን በረኛ ነው። ዋና አሰልጣኙ በረኛ ከነበረ የበረኞች አሰልጣኙ ሥራ ያጣል፤ በየልምምዱ እጁን ያስገባበታል። ዋናው በሳምንት አንድ ቀን ለተሻጋሪ ኳስ ብቻ ይግባ፣ ሌላውን ቀን ለባለሙያው ይተው። በረኛው ተሳስቶ ግብ ሲገባ ደግሞ በዕለቱ አንዲት ቃል አይናገረው። ከሁለት ቀን በኋላ ቪዲዮውን አብረው ይዩት፤ ግቡን ሳይሆን ከግቡ በፊት ያሉትን አምስት ሰከንዶች።