መንገዱ ፓርክ ሲሆን ደቂቃዎቹን ማን ከፈለ?

ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ አረጋውያንንና አካል ጉዳተኞችን በቫን ወደ ሕክምና አመላልሳለሁ። በእኛ ሥራ ግሬት ሃይዌይን የማይወድ ሾፌር አልነበረም። ከሊንከን ዌይ እስከ ስሎት ቡሌቫርድ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ወደ ደቡብ ሲነዱ በቀኝ ፓስፊክ ውቅያኖስ፣ በግራ የሰንሴት ሰፈር ቤቶች። ከሪችመንድ ሰፈር ወደ ዴሊ ሲቲ ለኩላሊት እጥበት የሚሄዱ ታካሚዎችን የምወስደው በዚያ ነበር። ነፋስ ሲበረታ አሸዋ አስፋልቱን ስለሚያለብሰው ይዘጋ ነበር፤ እሱን ለምደነው ነበር።

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 የከተማው መራጭ ወደ 55 በመቶ በሚጠጋ ድምፅ ጎዳናው ለመኪና እንዲዘጋና ፓርክ እንዲሆን ወሰነ። እኔም ደግፌ ነው የመረጥኩት። ባልደረቦቼ ቢያኮርፉኝም አልተጸጸትኩም፤ ከስሎት በታች ዳርቻውን ማዕበል እየሸረሸረው መሆኑን በዓይኔ አይቻለሁ። በዚያ ላይ እንደ ልብ የሚራመዱበት ሜዳ ለአረጋውያንም ለሕፃናትም ይገባል።

በማርች 2025 መኪና ታገደ። የስምሪት ክፍሉ የጉዞ ሠሌዳ ግን እንደነበረ ቀረ። አሁን በጎልደን ጌት ፓርክ ውስጥ በቼን ኦፍ ሌክስ በኩል አልፈን ሰንሴት ቡሌቫርድን መያዝ አለብን። ጠዋት እዚያች ጠባብ መንገድ ላይ መኪናው ተሰልፎ ሲንፏቀቅ፣ ከኋላዬ ተሽከርካሪ ወንበራቸው በአራት ማሰሪያ የታሰረ አንዲት ቻይናዊት እናት የእጅ ሰዓታቸውን ያያሉ። ቋንቋ አንግባባም፤ ሰዓት ግን ለሁላችን አንድ ነው። አርፍደው ሲደርሱ ወይ ወረፋቸው ያልፋል፣ ወይ የእጥበቱ ጊዜ ያጥራል። ደም ማጣሪያ ላይ ያጠረ ጊዜ ተራ ነገር አይደለም።

ለስምሪት ክፍሉ ደወልኩ። ያነሳው የአገሬ ልጅ ነው።

«ጋሼ፣ ሠሌዳው ላይ ዘግይተዋል ይላል» አለኝ።

«መንገዱ ተዘግቷል እኮ፣ ልጄ። ፓርክ ሆኗል።»

«አውቃለሁ። ግን መዘግየት ሲመዘገብ ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ የለውም።»

«እንግዲያው ሠሌዳው ይታረም።»

«ለአለቆች አሳውቃለሁ። እስከዚያው ትንሽ ይፍጠኑ።»

ይፍጠኑ! ወንበር የታሰረበት ቫን፣ የማቆሚያ ምልክት በየመስቀለኛው፣ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት የሚሻገር ልጅ። ስልኩን ያነሳውን ልጅ አልተቆጣሁትም፤ ሥልጣኑ የእሱ አይደለም። ግን በቁጣ እጄ ተንቀጠቀጠ። ከተማ ሙሉ ተወያይቶ፣ ድምፅ ሰጥቶ መንገዱን ሲያዛውር፣ አንድ መሥሪያ ቤት ሠሌዳውን ማረም ያቅተዋል?

ከሳምንታት በኋላ መፍትሔ መጣ፤ ሴትዮዋ 20 ደቂቃ ቀድመው እንዲነሡ ተደረገ። ያ ብቻ። ሌሎቹ ጉዞዎች እንደነበሩ ናቸው። የእሳቸው እንቅልፍ በመቆረጡ ሠሌዳው ተስተካከለ ተባለ።

በኤፕሪል ፓርኩ ሰንሴት ዱንስ ተብሎ ተመረቀ። በእረፍቴ ሄጄ አየሁት፤ ልጆች ብስክሌት ይነዳሉ፣ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ባሕሩን ያያሉ፤ በጣም ያምራል። በሴፕቴምበር ደግሞ ፓርኩን የደገፈውን፣ በከተማው ምክር ቤት የሰንሴት ተመራጭ የነበረውን ሰው የሰፈሩ ነዋሪዎች 63 በመቶ ገደማ በሆነ ድምፅ ከሥልጣን አወረዱት። ባልደረቦቼ ደስ አላቸው። እኔ የተናገርኩት አንድ ነገር ነው፦ እሱ በመውረዱ ለሴትዮዋ የተመለሰላቸው ደቂቃ የለም፤ ያንን የሚመልሰው ሠሌዳውን የያዘው ክፍል ነው።

አሁን በየጉዞው የመነሻና የመድረሻ ሰዓቱን በእጄ እጽፋለሁ፤ የሄድኩበትንም መንገድ እጨምርበታለሁ። ፓርኩን አምርረው የሚቃወሙ ሁለት ሾፌሮችም መጻፍ ጀምረዋል። ወረቀቱን በወሩ መጨረሻ ሦስታችንም ፈርመን እናስገባለን።